ትከሻን የሚመታው ሁሉ ብርድ አይደለም



በተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል ስሠራ ሳልሰማው የማላልፈው አንድ አባባል አለ፦ «ዶክተር፣ ትከሻዬን ብርድ መታኝ።» አንዷ ገላዋን ታጥባ ሳትደርቅ ወጥታ ነው፣ ሌላዋ መስኮት ሥር ተኝታ ነው፣ ሹፌሩ ደግሞ መስኮቱን ከፍቶ ረጅም መንገድ ነድቶ ነው። ከመምጣታቸው በፊት ያደረጉትም ተመሳሳይ ነው። ቅባት ተቀብተዋል፣ ታሽተዋል፣ ከፋርማሲ «ለብርድ የሚሆን» ብለው ገዝተው ውጠዋል። እጃቸውን ይዤ ሳንቀሳቅሰው ግን የአንዷ ችግር ከሌላዋ ጋር ጨርሶ የማይገናኝ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ብርድ አያሳምምም እያልኩ አይደለም። የታመመ መገጣጠሚያ ሲቀዘቅዝ ይብስበታል፣ ጡንቻም ይኮማተራል፤ ይህን ታካሚዎቼ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ የምከራከረው ስሙን ነው። «ብርድ ነው» ከተባለ በኋላ የሚከተል ጥያቄ የለም። ስኳር አለብሽ ወይ የሚል የለም፣ ጠዋት ጣቶችሽ ይደርቃሉ ወይ የሚል የለም። የሁለት ዓመት ሕመም በአንድ ቃል ተዘግቶ ይቀመጣል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ትከሻ አርትራይተስና እሱን ስለሚመስሉ ሕመሞች እናውራ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

አንድ ብርቱካን በስኒ ማስቀመጫ ላይ ሲቀመጥ አስቡ። ብርቱካኑ የክንድ አጥንት ራስ ነው፣ ማስቀመጫው ደግሞ በትከሻ አጥንት ላይ ያለው ጎድጎድ ያለ ቦታ። የዳሌ መገጣጠሚያ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለተቀመጠ ጠንካራ ነው፤ ትከሻ ግን ጥልቀት የለውም። በዚያ ፈንታ ነፃነት አለው። ልጅ የምናዝለው፣ ጸጉር የምንሠራው፣ ከመደርደሪያ ዕቃ የምናወርደው በዚህ ነፃነት ነው። ብርቱካኑ ከማስቀመጫው ተንሸራቶ እንዳይወጣ ዙሪያውን የሚይዙት አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። መገጣጠሚያውን እንደ ከረጢት የሚሸፍን ሽፋንም አለ። አጥንትና አጥንት በሚገናኙበት ቦታ ደግሞ ለስላሳ ልም አጥንት ተነጥፏል። የታመመው ልም አጥንቱ ነው? ከረጢቱ ነው? ወይስ ጅማቱ? ሕክምናው የሚለያየው እዚህ ላይ ነው።

አርትራይተስ የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ የመገጣጠሚያ ብግነት ማለት ነው፣ ዓይነቱም ብዙ ነው። በዕድሜ የሚመጣው ልም አጥንቱ እየሳሳ ሲሄድ ነው። ይህ ከትከሻ ይልቅ ክብደት በሚሸከሙት በጉልበትና በዳሌ ላይ ይበዛል። ስለዚህ ትከሻው ላይ ሳገኘው «ከዓመታት በፊት ወድቀህ ነበር? ትከሻህ ወልቆ ያውቃል? ተሰብሮ ያውቃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ የድሮ ታሪክ ይወጣል፤ በወጣትነት ከበቅሎ የወደቀ አለ፣ ኳስ ሲጫወት ወልቆበት ሜዳ ላይ ጓደኞቹ ጎትተው የመለሱለት አለ። ሕመሙ ወደ ውስጥ ጠለቅ ያለ ነው፣ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ክንድ ሲዞር ድምፅ ይሰማል፣ በዚያ ጎን መተኛት ያስቸግራል። ሕመሙ ከላይ፣ የማጅራት አጥንት ሳይሆን የአንገት ሥር አጥንት ከትከሻ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ከሆነና እጃችሁን በደረታችሁ ላይ አሻግራችሁ ሌላውን ትከሻ ስትይዙ የሚብስ ከሆነ ደግሞ የታመመው ያች ትንሿ የላይኛዋ መገጣጠሚያ ልትሆን ትችላለች። እሷ ከዋናው መገጣጠሚያ ይልቅ ቶሎ ታረጃለች።

ሁለተኛው ዓይነት ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። የሰውነት መከላከያ በስህተት የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፣ ዕድሜም አይጠብቅም፤ የሠላሳ ዓመት እናት ላይ ይመጣል። ትከሻን ብቻውን አይነካም። የሁለቱም እጆች ጣቶችና አንጓዎች ያብጣሉ፣ ጠዋት ሰውነት ለመፍታታት ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። እንዲህ ያለ ነገር ስድስት ሳምንት ካለፈው እባካችሁ አትጠብቁ። ይህ በሽታ ጊዜ ከተሰጠው መገጣጠሚያውን ይበላል፤ በጊዜ ከተያዘ ግን የሚገታ መድኃኒት አለው። ከነዚህ ዋነኛው ሜቶትሬክሴት ነው። አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ፦ ሜቶትሬክሴት ለዚህ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ መውሰድ ሕይወት ያጠፋል። እናታችሁ ታዞላት ከሆነ ዛሬውኑ ሄዳችሁ እንዴት እንደምትወስደው ጠይቋት።

ሦስተኛው በትክክል አርትራይተስ አይደለም፣ ግን ከሁሉም በላይ ከአርትራይተስ ጋር የሚምታታው እሱ ነው። የእናቴን ትከሻ የያዘውም እሱ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላውራው።

እናቴ ስኳር ካለባት ቆይታለች። አንድ ጊዜ እህቴ ደውላ «እማዬ ነጠላዋን በአንድ እጇ ነው የምታጣፋው» አለችኝ። እናቴን ስጠይቃት «ዕድሜ ነው ልጄ፣ ምን ታደርጊዋለሽ» አለች። ቀስ በቀስ ስናወጣጣት ግን ነገሩ ረዘም ያለ ነው። መጀመሪያ ሌሊት ሌሊት ያማት ነበር። ከዚያ ጸጉሯን ራሷ መሠራት ተወች፤ ጎረቤት ሠራችላት። ከዚያ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ማውረድ ተወች፤ ዕቃውን ሁሉ ወደ ታች አወረደችው። ቤት ስትጸልይ እጇን የምትዘረጋው እስከ ደረቷ ብቻ ሆነ። አንድም ቀን «አመመኝ» አላለችም። በየወሩ አንድ ነገር እየተወች ኖረች፣ እኛም ቤቱ እንደ ድሮው መስሎን ነበር።

ይህ በእንግሊዝኛ ስሙ «ፍሮዝን ሾልደር» ነው፣ በረዶ የሆነ ትከሻ እንደማለት። ብርድ ነው ለሚሉ እናቶች ፈረንጅም የመሰከረላቸው ይመስላል! ስሙ የወጣለት ግን ትከሻው ስለሚደርቅ ነው እንጂ ብርድ ስለሚያመጣው አይደለም። ያ ከረጢት የመሰለው ሽፋን ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ከዚያ ይጠብባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ሴቶች ላይ ይበዛል። የታይሮይድ (እንቅርት) ችግር ያለባቸውም ይጋለጣሉ፤ ከሁሉም በላይ ግን የስኳር ሕመምተኞች ናቸው። ከጠቅላላው ሕዝብ ከ2 እስከ 5 በመቶ የሚሆነውን ሲያጠቃ፣ ከስኳር ሕመምተኞች ግን ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑትን እንደሚይዝ ይገመታል። ስለዚህ ትከሻዋ ያለምክንያት የደረቀባትን የሃምሳ ዓመት ሴት ስኳሯን ሳልለካ አላሰናብትም። ስኳር እንዳለባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በትከሻቸው ምክንያት ያወቁ ታካሚዎች አሉኝ።

አካሄዱ ሦስት ምዕራፍ አለው። መጀመሪያ ለወራት የሚያም፣ በተለይ ሌሊት። ቀጥሎ ሕመሙ ቀለል ብሎ ድርቀቱ የሚጸናበት። በመጨረሻ ቀስ እያለ የሚፈታበት። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ የእናቴ ወደ ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቷል። ረጅም ነው፣ ግን አብዛኛው ሰው ይሻለዋል። በኃይል መጎተትና ማሸት አያፋጥነውም። ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ በዚህ ትከሻ ላይ ግን የተቆጣ ከረጢትን በጉልበት መሳብ እብጠቱን ያብሰዋል፣ አጥንቱ የሳሳበትን ሰው ደግሞ ሊሰብረው ይችላል።

አራተኛው የጅማት መቆጣት ወይም መበጠስ ነው። በሥራ ላይ ክንዱን ደጋግሞ ከትከሻው በላይ የሚያነሳ ሰው፣ ቀለም ቀቢ፣ ግንበኛ፣ ውጭ አገር ሰው ቤት ጣሪያና መስኮት ስታጸዳ የኖረች እህት፣ ይህን በደንብ ያውቁታል።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ቤት ውስጥ የምትሞክሩት ቀላል ነገር አለ። ምርመራን አይተካም፣ ግን ለሐኪማችሁ የምትነግሩት ነገር ይሰጣችኋል። ወድቃችሁ ከሆነ ወይም ትከሻው ቅርጹን ከቀየረ ግን አትሞክሩት፤ በቀጥታ ወደ ሕክምና ሂዱ። ክርናችሁን አጥፋችሁ ከጎናችሁ ጋር አጣብቁት፣ ትሪ እንደያዘ ሰው። ክርኑ ከጎናችሁ ሳይላቀቅ እጃችሁን በር እንደሚከፈት ወደ ውጭ አዙሩት። ከጤነኛው እጅ ጋር አስተያዩት። ቀጥሎ ሌላ ሰው ያንኑ እጅ ይዞ በቀስታ ያዙርላችሁ። ራሳችሁም ስታደርጉት፣ ሰው ሲረዳችሁም እዚያው ቦታ ላይ ግጥም ብሎ ከቆመ ችግሩ ያለው መገጣጠሚያው ላይ ነው፤ ወይ ልም አጥንቱ ወይ ከረጢቱ። ራሳችሁ አቅቷችሁ ሰው ሲረዳችሁ ግን የሚሄድ ከሆነ ጅማቱን እጠረጥራለሁ። በየትኛውም አቅጣጫ ያለችግር እየተንቀሳቀሰ ሕመሙ ብቻ ካለ ደግሞ ምንጩ ከአንገት ወይም ጨርሶ ከሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል።

ልም አጥንቱንና ከረጢቱን የሚለያቸው ተራ ኤክስሬይ ነው። አርትራይተስ ከሆነ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ጠቦ ይታያል፤ ከረጢቱ ከሆነ ኤክስሬዩ አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ነው። ብዙ ሰው ከመመርመሩ በፊት «ኤምአርአይ ይነሣልኝ» ይለኛል። ገንዘባችሁን ያዙት፤ ከመጀመሪያዎቹ ምርመራዎች በኋላ ካስፈለገ እንደርስበታለን።

ስለ ዩሪክ አሲድም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ያናድደኛል። ትከሻውን ያመመው ሰው ደም ይሰጣል፣ ዩሪክ አሲዱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ «ሪህ ነው» ይባልና ሥጋም ሽሮም ይከለከላል። ዩሪክ አሲዱ ከፍ ያለ ሰው ሁሉ ሪህ የለበትም። ሪህ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእግር አውራ ጣት ነው፤ በድንገት አብጦ፣ ቀልቶ፣ አንሶላ እንኳን አያስነካም። በወራት ውስጥ ቀስ እያለ የደረቀ ትከሻን ሽሮ በመከልከል አናድነውም።

አሁን ወደ ሕክምናው። ከሁሉ በፊት እንቅስቃሴ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚዘለው ግን እሱን ነው። የታመመ ትከሻ አንጠልጥለው ካስቀመጡት ይደርቃል። ጠረጴዛ ይዛችሁ ጎንበስ በሉና የታመመውን ክንድ ለቃችሁ እንደ ደወል ገመድ በቀስታ አወዛውዙት፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ግድግዳ ፊት ቆማችሁ በጣቶቻችሁ ወደ ላይ ውጡ፣ የደረሳችሁበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ በሳምንቱ እዩት። ነጠላ ወይም ፎጣ በጀርባችሁ አሳልፋችሁ ከላይ በጤነኛው እጅ ይዛችሁ የታመመውን በቀስታ ወደ ላይ ሳቡት። እናቴ ይህንን የምታደርገው ቡናው እስኪፈላ ነበር፤ አንዱን በአቦል፣ ሌላውን በቶና። ከመጀመራችሁ በፊት በሞቀ ውኃ የተነከረ ፎጣ አሥር ደቂቃ አድርጉበት። መወጠር ይሰማችሁ፣ ግን ሕመሙ እስከ ማግሥቱ ከቆየ አብዝታችኋልና ቀንሱ። ፊዚዮቴራፒ የምታገኙ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ቀን እንኳን ሄዳችሁ አሠራሩን ተማሩ፤ ቤት ትቀጥሉታላችሁ።

መድኃኒት ላይ ጥብቅ ነኝ። ለአረጋውያን የምጀምረው በፓራሲታሞል ነው፤ ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም፤ ጉበቱ ለታመመ ወይም ሰውነቱ ለከሳ ሰው ከዚያም ያንሳል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ብግነትን ስለሚቀንሱ ይሻላሉ፣ ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ስኳርና ግፊት ያለባት እናት ለወራት በየቀኑ ስትውጣቸው ትከሻዋን አስታግሳ ኩላሊቷን ልታጣ ትችላለች። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድም ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አይጨምርም።

ጾም ደግሞ አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናቶች ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ዳይክሎፌናክ ውጠው ቅዳሴ ሲቆሙ፣ ውኃም ሳይጠጡ፣ ጨጓራቸውም ኩላሊታቸውም ይጎዳል። ጾሙን ፍቱ አልልም፤ የመድኃኒቱን ሰዓት እንቀይር። ከምግብ በኋላ ይሁን። በረመዳንም እንዲሁ፣ ከኢፍጣር በኋላ። ሲያዝላችሁ «ጾመኛ ነኝ» በሉ፤ የማይስማማችሁን መድኃኒት ያስቀርላችኋል።

ከሁሉም የምፈራው ግን ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ ነው። «አንዲት ትንሽ ፍሬ ሰጡኝ፣ በማግሥቱ እንደ ልጅ ሮጥኩ» የሚል ሰው ስሰማ እነዚህን እጠረጥራለሁ። እውነት ነው፣ በፍጥነት ያስታግሳሉ። ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ግን ስኳርን ይሰቅላሉ፣ አጥንትን ያሳሳሉ፣ ደም ወደ አጥንቱ ራስ እንዳይደርስ አድርገው የዳሌንና የትከሻን አጥንት ሊገድሉ ይችላሉ። ለትከሻ የተወሰደው መድኃኒት ትከሻውን ያፈርሰዋል ማለት ነው። ለሳምንታት ወይም ለወራት ስትወስዱ ከነበረ ደግሞ ዛሬ አንብባችሁ ዛሬ አትጣሉት፤ በድንገት ማቆም ራሱ አደገኛ ስለሆነ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስላችሁ።

መገጣጠሚያ ውስጥ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ከዚህ ይለያል። አንድ ቦታ ላይ፣ በታወቀ መጠን፣ በሐኪም እጅ ይሰጣል፤ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ያስታግሳል፣ በዚያ ጊዜ እንቅስቃሴውን መሥራት ይቻላል። ስኳር ላለባቸው የደም ስኳር ለተወሰኑ ቀናት ከፍ ስለሚል መለካት አለባቸው። ዘመዶቻችን ከአሜሪካ የሚልኩት ግሉኮሳሚን ደግሞ ትከሻን እንደሚያድን አሳማኝ ማስረጃ የለውም። የላከውን ልጅ አመስግኑት፣ በሱ ተማምናችሁ ግን ሕክምናውን አትተዉ።

ልም አጥንቱ ጨርሶ ካለቀና ሌላው ሁሉ ካልረዳ መገጣጠሚያውን በሰው ሠራሽ መቀየር ይቻላል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ1893 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ፔያን የተባለ ሐኪም ትከሻው በቲቢ ለተበላ የ37 ዓመት ዳቦ ጋጋሪ ከፕላቲነምና ከጎማ የተሠራ ትከሻ ገጥሞለት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ኢንፌክሽኑ ተመልሶ መጥቶ ወጣ። የዛሬው ቀዶ ሕክምና ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ሆኖም የሚያስፈልገው ለጥቂቶች ነው።

ቀጠሮ የማይጠብቁትንም ልንገራችሁ። ትከሻው በድንገት አብጦ፣ ሞቆ፣ ትኩሳት ካለው መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ሊኖር ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ወላጆች፣ ይህ ሕፃናትንም ይመለከታል፦ ትኩሳት ያለው ልጅ አንድ ክንዱን አላንቀሳቅስ ካለና ሲነኩት ከጮኸ አታሹት፣ አታስጎትቱት፤ ይዛችሁት ሂዱ። የግራ ትከሻ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ጉዳዩ የልብ ሊሆን ይችላል። የወር አበባዋ የቀረባት ሴት በድንገት የሆድና የትከሻ ጫፍ ሕመም ከተሰማት ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ደም እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብና የማይለቅ ሕመም ካሉ ደግሞ ቲቢን ጨምሮ ሌላ ነገር እንፈልጋለን።

እናታችሁን ወይም አባታችሁን ስታመጡ ቶሎ የሚወልቅ ልብስ አልብሷቸው፤ የሦስት ድርብ ሹራብ ሥር ትከሻ አይመረመርም። የስኳር መከታተያ ደብተር ካላቸው ይያዙ። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል አድርጋችሁ አምጡልኝ፣ ስሙ የማይታወቀውን፣ በወረቀት የተጠቀለለውንና ከአሜሪካ የተላከውንም ጭምር።